የሥነ ጽሑፍ መምህር ጉዞ ለክፍሉ ምን ያመጣል? የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶች

ሰሞኑን ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ የሚያነሡ በመሆናቸው የዛሬውን እትም ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል። ጉዳዩ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ከሚያስተምሯቸው ድርሰቶች ጋር ወደተያያዙ ስፍራዎች የሚያደርጉት የትምህርት ጉዞና ጉዞው በማስተማር ሥራቸው ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ነው። የዓምዱ አዘጋጅ ራሴ የሥነ ጽሑፍ መምህር በመሆኔና እንዲህ ያሉ ጉዞዎችንም በማድረጌ መልሶቹን የምሰጠው ከማውቀውና ካየሁት ነው። ደብዳቤዎቹን ከርዝመታቸው የተነሣ አሳጥረናቸዋል። የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። በመጪው የእረፍት ጊዜ ከማስተምራቸው ተውኔቶችና ልብ ወለዶች ጋር የተያያዙ ስፍራዎችን ለማየት ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን «ድርሰቱ ያለው በገጹ ላይ ነው፤ ደራሲው የተኛበትን አልጋ ማየት ሽርሽር እንጂ ትምህርት አይደለም» እያለ ይሞግተኛል። ልረታው አልቻልኩም። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ባልደረባዎ የተናገረው ቁም ነገር ያለው ነውና በቀላሉ አላልፈውም። የደራሲን አልጋ፣ ብዕርና መነጽር በመስታወት ውስጥ አይቶ መመለስ ብቻውን አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ ይበልጥ እንድትገባን አያደርግም። ነገር ግን ድርሰት ሁሉ ለገጽ ብቻ የተጻፈ አይደለም። አንዳንዱ ለአንድ ዓይነት ሕንፃ፣ ለአንድ ዓይነት ብርሃን፣ ቆሞ ለሚመለከት ሕዝብ ታስቦ የተጻፈ ነው፤ ያንን ሁኔታ ልብ ያላለ አንባቢም ጽሑፉ ለምን እንዲህ ሆኖ እንደተጻፈ ሳይጠይቅ ያልፋል።

ለዚህ የማውቀው ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ለንደን ውስጥ በቴምስ ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው ግሎብ ቴአትር ነው። ሼክስፒር ባለድርሻ የነበረበት የተዋንያን ጓድ በ1599 የሠራው የመጀመሪያው ግሎብ፣ ጁን 29 ቀን 1613 ተውኔት እየታየ ሳለ ለትዕይንቱ ከተተኮሰ መድፍ የተነሣ የሣር ክዳኑ ተያይዞ ተቃጠለ፤ በዓመቱ እንደገና ቢሠራም በ1642 የለንደን ቴአትሮች በሙሉ ሲዘጉ አብሮ ተዘጋ። ዛሬ የሚጎበኘው በአሜሪካዊው ተዋናይ በሳም ዋናሜከር አነሣሽነት ተሠርቶ፣ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1997 የተከፈተውና ከጥንቱ ቦታ 230 ሜትር ያህል ፈቀቅ ያለው ሕንፃ ነው። በአጭሩ ቅጂ ነው። ሆኖም እንደ ጥንቱ መካከሉ ጣሪያ የለውም፤ መድረኩ ሥር ባለው ግቢ ተመልካቹ ቆሞ ያያል፤ ዝናብ ከመጣም በራሱ ላይ ይወርዳል።

በዚያ ግቢ ከቀትር በኋላ ቆሞ የ«ሐምሌት»ን መክፈቻ መስማት እንግዳ ነገር ነው። የመጀመሪያው ትዕይንት የሚካሄደው በእኩለ ሌሊት፣ በብርድ፣ በምሽግ አናት ላይ በሚጠብቁ ዘበኞች መካከል ነው። በጥንቱ ግሎብ ግን ትርኢቱ የሚታየው በቀን ብርሃን ስለነበር የሚደበዝዝ መብራት አልነበረም። ሌሊቱን የሚያመጡት ቃላቱ ናቸው። አንዱ ዘበኛ በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ የቆመውን ሌላውን ማን እንደሆነ ይጠይቃል፣ በጨለማ አይተያዩምና፤ እኩለ ሌሊት መደወሉ ይነገራል፤ ብርዱ ክፉ መሆኑ ይነገራል፤ ኋላም ዶሮ ይጮኻል፤ በመጨረሻም ንጋት በምሥራቁ ኮረብታ ጤዛ ላይ ሲራመድ ይታያል ይባላል። ሁለት መቶ መስመር በማይሞላ ትዕይንት ከእኩለ ሌሊት እስከ ማለዳ ያለው ጊዜ በንግግር ብቻ ያልፋል።

ከጉዞው በፊት ይህን ትዕይንት ሳስተምር የምጀምረው ከሟቹ ንጉሥ መንፈስ ነበር፤ ማን ነው፣ ለምን መጣ፣ ማንን ሊያናግር ይፈልጋል እያልኩ በቀጥታ ወደ ታሪኩ እገባ ነበር። አሁን የምጀምረው ከብርሃኑ ነው። የክፍሉን መስኮቶች ሁሉ አስከፍቼ፣ ጥቂት ተማሪዎች ንግግሩን ቆመው እንዲያነቡ፣ የቀሩት ደግሞ ጨለማን፣ ብርድን ወይም የሰዓቱን መግፋት የሚያመለክት ቃል በሰሙ ቁጥር እጃቸውን እንዲያነሡ አደርጋለሁ። ለወትሮው «ስለ አየሩ ይህን ያህል ማውራት ለምን አስፈለገ?» የሚሉት ተማሪዎች ወሬው የመብራትን ሥራ እየሠራ መሆኑን እኔ ሳልነግራቸው ይደርሱበታል። ከዚያ ወዲያ ማናቸውንም ተውኔት ስንከፍት ተመልካቹ የት ተቀምጦ ነበር፣ ምን ያህልስ ይታየው ነበር ብለው የሚጠይቁት እነርሱ ናቸው።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ማወቅ አይቻልም ነበር ወይ ቢሉኝ፣ ይቻል ነበር፤ አውቀውም ነበር። ነገር ግን ከመጽሐፍ ያገኘሁት እውቀት «የዘመኑ ቴአትር ባሕርያት» በሚል ርእስ ሥር ተመዝግቦ ከጽሑፉ ተለይቶ ተቀምጦ ነበር። ፀሐይ ዐይኔን እየወጋኝ አንድ ተዋናይ ስለ ጨለማ ሲናገር በሰማሁ ጊዜ ግን ያው እውቀት ወደ ጽሑፉ ገብቶ ጥያቄ ሆነ። እንግዲህ ባልደረባዎን ሲከራከሩ ጉዞ አዲስ መረጃ ይሰጣል ብለው አይነሡ፤ በዚያ በኩል እርሱ ያሸንፍዎታል። ጉዞ ቀድሞ የያዝነውን መረጃ ወደ ጥያቄ ይለውጣል፣ የክፍል ሥራ የሚንቀሳቀሰውም በጥያቄ ነው ብለው ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ የመምህርነት ሥልጠና ላይ ነኝ። ልምምድ በማደርግበት ትምህርት ቤት አንድ ነባር መምህር ከሩቅ ጉዞ ተመልሰው በተከታታይ ክፍለ ጊዜያት ፎቶግራፍ ሲያሳዩ አየሁ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ በጉጉት፣ ኋላ በትዕግሥት፣ በመጨረሻ በእንቅልፍ ተከታተሏቸው። ያዩትን ወደ ክፍል ማምጣት የሚገባው እንዴት ነው?

መልስ፦ ፎቶግራፉን ያነሣው ሰው ከምስሉ ጋር ድካሙን፣ ነፋሱንና በሰዓቱ የሰማውን ሁሉ ስለሚያስታውስ ደጋግሞ ቢያየው አይሰለቸውም፤ ለተማሪው የሚታየው ግን አንድ ግድግዳና አንድ በር ነው። ስለዚህ እኔ የምከተለው ልማድ ጥብቅ ነው። ድርሰቱ ሳይነበብ ስለ ስፍራው አላወራም፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከስፍራው የማመጣው ነገርም አንድ ብቻ ነው፤ ያም ነገር ተማሪው በጽሑፉ ውስጥ ጣቱን አስቀምጦ ሊያሳየኝ የሚችለው መሆን አለበት። ከዚህ የተረፈው ለመምህራን ማረፊያ ክፍል ይበቃል።

የዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» እንውሰድ። በ1866 በተከታታይ የታተመው ይህ ልብ ወለድ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ፣ በሴናያ አደባባይ ዙሪያ ባሉ ጠባብ መንገዶች የሚካሄድ ነው። ደራሲው አንዳንዶቹን መንገዶችና ድልድዮች በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ስለሚጠራቸው፣ ስፍራዎቹን ለይቶ በገጸ ባሕርዩ ፈለግ መራመድ ለከተማዪቱ ጎብኚዎች የቆየ ልማድ ሆኗል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ራስኮልኒኮቭ ከሚኖርበት ቤት የውጭ በር አንሥቶ፣ ሊገድላት እስከሚያስባት፣ በመያዣ ገንዘብ እስከምታበድረው አሮጊት ቤት ድረስ ያለው ርቀት ልክ 730 እርምጃ መሆኑ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ተገልጿል። በዚያ አካባቢ እየቆጠረ የሚሄድ አንባቢ ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር ያስተውላል። መቁጠር ሌላ ማሰብን ይከለክላል። በመንገዱ ላይ ያሉት ሰዎች፣ ሱቆችና ድምፆች ሁሉ ይጠፉና ቁጥሩ ብቻ ይቀራል።

ይህን ወደ ክፍል ለማምጣት አንድም ፎቶግራፍ አላስፈለገኝም። ተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብበው እንዲመጡ ካደረግሁ በኋላ ወደ ግቢ አወጣቸዋለሁ፤ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር፣ 730 እርምጃ ቆጥሮ እንዲራመድ አዝዛለሁ። ርቀቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ስንመለስ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ቁጥር የቆጠረው ማን ነው? መጀመሪያ «ተራኪው» የሚል መልስ ይመጣል። ጽሑፉን እንደገና ሲያዩ ግን ራስኮልኒኮቭ ራሱ፣ ሐሳቡ ገና ሕልም በሚመስለውና እርሱም በማያምንበት ጊዜ፣ አስቀድሞ ቆጥሮት እንደነበር ያገኛሉ። ስለዚህ ወንጀሉ በእግሩ ውስጥ ጀምሯል፤ አእምሮው ገና እያመነታ ነው። አንዲት ተማሪ ይህን በራሷ አገላለጽ ስትናገር መስማት ከማንኛውም የጉዞ ትረካ ይበልጥብኛል። በዚያ ክፍለ ጊዜ ፒተርስበርግ የሄደ ሰው በክፍሉ ውስጥ መኖሩ አይነሣም፤ መነሣትም አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ የጣሊያኗ ከተማ ቬሮና ሄጄ የሼክስፒር «ሮሚዮና ጁሊየት» ባለታሪክ የጁሊየት ነው የሚባለውን ሰገነት አየሁ። ኋላ ሰገነቱ የተጨመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑን ሳውቅ የተታለልኩ ያህል ተሰማኝ። ለተማሪዎቼ ምን ልበላቸው? እንዲህ ያሉ ስፍራዎችን ጨርሶ መተው ይሻላል?

መልስ፦ ሁሉንም ይንገሯቸው። ቤቱ የመካከለኛው ዘመን ቤት ነው፤ ሰገነቱ ግን፣ እንዳሉት፣ ለጎብኚ የተዘጋጀ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ የሼክስፒር ጽሑፍ ራሱ ሰገነት የሚባል ነገር አለመጥቀሱ ነው፤ ጁሊየት ከላይ ትታያለች፣ ሮሚዮም በመስኮቷ በኩል ብርሃን ሲወጣ ያያል፣ በቃ። እንግዲህ በቬሮና የቆመው ሰገነት ደራሲው የጻፈውን ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የመጡት መድረኮችና ሠዓልያን ያለመዱንን ምስል የሚያሟላ ነው። ተማሪዎች ጽሑፉን ይዘው ሰገነቱን እንዲፈልጉ ያዝዟቸው። ሲያጡት የሚነሣው ክርክር፣ ማለትም በምናነበውና እንዳነበብን በምናስበው መካከል ስላለው ልዩነት የሚደረገው ክርክር፣ ለአንድ ሳምንት ይበቃዎታል።

ሁሉም ስፍራ ግን እንዲህ ጎብኚውን አይሸነግልም። በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሸር፣ ከሃዎርዝ መንደር በላይ ባለው ገላጣ ኮረብታ ላይ ቶፕ ዊዘንስ የሚባል ፍርስራሽ አለ። ብዙ ሰው ኤሚሊ ብሮንቴ በ1847 ባሳተመችው «ዉዘሪንግ ሃይትስ» ውስጥ ያለው ቤት ይህ ነው እያለ ይወጣል። የብሮንቴ ማኅበር ግን በ1964 ግድግዳው ላይ ባኖረው ጽሑፍ፣ ሕንፃው ሙሉ በነበረበት ጊዜ እንኳ ደራሲዋ ከገለጸችው ቤት ጋር እንደማይመሳሰል፣ ምናልባት በሐሳቧ የነበረው የቦታው አቀማመጥ ሊሆን እንደሚችል አስታውቋል። ይህን ያህል ታማኝ የሆነ የቱሪስት ጽሑፍ ሌላ ቦታ አላጋጠመኝም። ያንን ጽሑፍ ለተማሪዎች አስነብቤ፣ ከልብ ወለዱ ውስጥ የቤቱን ሁኔታ የሚገልጹትን ዐረፍተ ነገሮች እንዲያወጡና የትኞቹ ከተፈጥሮ የተወሰዱ፣ የትኞቹ ከምናብ የመጡ ሊሆኑ እንደሚችሉ እንዲከራከሩ አደርጋለሁ።

ሃዎርዝ ውስጥ ለትምህርት ይበልጥ የጠቀመኝ ደግሞ ማንም ለጎብኚ ያላሰናዳው ነገር ነው። የብሮንቴ ቤተሰብ የኖረበትና ከ1928 ጀምሮ ሙዚየም የሆነው የካህኑ ቤት የሚያየው መቃብሩን ነው፤ ከበሩ ፊት ለፊት የመቃብር ድንጋዮች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ተደርድረዋል። በ1850 የቀረበ የመንግሥት የጤና ምርመራ በመንደሩ የሟቾች አማካይ ዕድሜ 25 ዓመት ገደማ መሆኑንና ከመቶ 41 ያህሉ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቷል። ኤሚሊ ራሷ በ1848 ስትሞት ዕድሜዋ 30 ነበር። ተማሪዎቼ በልብ ወለዱ ውስጥ ገጸ ባሕርያት በወጣትነታቸው በተከታታይ መሞታቸውን «የተጋነነ» እያሉ ይተቹት ነበር። እነዚህን ቁጥሮች ካዩ በኋላ ትችታቸው ይለወጣል፤ ደራሲዋ ከመስኮቷ ታየው የነበረውን ልክ እያሳነሰች ሳይሆን አይቀርም የሚል ተማሪም ገጥሞኛል። በዚህ ባልስማማም ክርክሩን ወድጄዋለሁ።

ጥያቄ፦ ስለ ሥነ ጽሑፍ ጉዞ ሲነገር ሁልጊዜ የሚወሳው የደራስያን ቤት ነው። ደራሲ ያልተወለደበት፣ ልብ ወለድም ያልተጻፈበት ስፍራ ለሥነ ጽሑፍ መምህር ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ድርሰት የተጻፈበት ቦታ እንዳለው ሁሉ የተነበበበትም ቦታ አለው፤ ይህ ሁለተኛው ይረሳል። ከኬፕ ታውን ወደብ በመርከብ የሚደረስባት ሮበን ደሴት የአፓርታይድ መንግሥት የፖለቲካ እስረኞችን ያጎረባት ናት፤ ኔልሰን ማንዴላ ከ27 የእስር ዓመታቸው 18ቱን ያሳለፉት በዚያ ነው። ከ1997 ጀምሮ ሙዚየም ሆናለች፤ ጎብኚዎችንም በእስር ቤቱ ውስጥ የሚያዞሩት በዚያው ታስረው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሶኒ ቬንካትራትናም የተባሉ እስረኛ የሼክስፒርን ሙሉ ሥራዎች የያዘ አንድ መጽሐፍ ነበራቸው፤ ጠባቂዎቹ እንዳይወስዱባቸውም ሽፋኑን የሂንዱ እምነት በዓል መልካም ምኞት መግለጫ ካርዶች ለጥፈው የሃይማኖት መጽሐፍ አስመሰሉት። መጽሐፉ በእስረኞቹ መካከል ሲዞር ከ30 በላይ የሚሆኑት የወደዱት ክፍል አጠገብ ፊርማቸውን አኖሩ። ማንዴላ ዲሴምበር 16 ቀን 1977 የፈረሙት በ«ጁሊየስ ቄሳር» ውስጥ፣ ፈሪ ከሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ እንደሚሞት ጀግና ግን ሞትን አንዴ ብቻ እንደሚቀምስ በሚናገረው ንግግር አጠገብ ነው። የማንዴላ የትግል ጓድ ዋልተር ሲሱሉ የመረጡት ደግሞ በ«የቬኒሱ ነጋዴ» ውስጥ አይሁዳዊው አራጣ አበዳሪ ሻይሎክ ስለደረሰበት ንቀትና ስለ ትዕግሥቱ የሚናገረውን ነው።

የሲሱሉን ምርጫ ሳስተምር ብዙ ጊዜ እቆይበታለሁ። ሻይሎክ በብዙ ክፍሎች ውስጥ እንደ ክፉ አራጣ አበዳሪ ብቻ ተነብቦ ያልፋል። አንድ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ከሺህ ከሚበልጡ ገጾች መካከል ያንን ንግግር መርጦ ስሙን ሲያኖርበት፣ ስለ ገጸ ባሕርዩ የነበረንን ፍርድ እንደገና ለማየት እንገደዳለን። ከዚያም ተማሪዎቼ በዓመቱ ካነበቡት ሁሉ አንድ ክፍል መርጠው ስማቸውንና ቀኑን እንዲጽፉበት፣ ምክንያቱን ግን እንዳይገልጹ አደርጋለሁ። ምክንያቱን መገመት የሌሎቹ ሥራ ነው። እስካሁን ከሰጠኋቸው የክፍል ሥራዎች ሁሉ የተማሪዎቼን አነባበብ ያሳየኝ ይህ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

ጥያቄ፦ ከጉዞው በፊት ምን ዝግጅት ማድረግ ይገባል? እዚያ ስደርስስ ማስታወሻዬን እንዴት ብይዝ ለክፍል ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ከመነሣትዎ በፊት ድርሰቱን እንደገና ያንብቡ፤ ቀጥሎም ስፍራው ምን ይመስላል ብለው እንደሚገምቱ በአንድ ገጽ ይጻፉ። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ይዘለዋል፤ እዚያ ደርሶ አንድ ጊዜ ካየ በኋላ ግን የቀድሞ ግምቱን ማስታወስ አይችልም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ በኮንኮርድ አጠገብ የሚገኘውን የዋልደን ሐይቅ ለአብነት ልጥቀስ። አሜሪካዊው ደራሲ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ጁላይ 4 ቀን 1845 በገዛ እጁ ወደሠራት፣ ስፋቷ 3 በ4.5 ሜትር ወደሆነች ጎጆ ገብቶ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ከሁለት ቀን ኖረባት፤ ያም ኑሮው በ1854 ያሳተመውን «ዋልደን» የተሰኘ መጽሐፍ ወለደ። አንባቢ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ሰው የማይደርስበት ጫካ ነው። እዚያ ሲደርስ የሚያገኘው ከመንደሩ በእግር የሚደረስበት ሐይቅና ዳርቻውን ታክኮ የሚያልፍ የባቡር ሐዲድ ነው። ሐዲዱ ቶሮ ከመግባቱ ከአንድ ዓመት በፊት ሥራ የጀመረ ነው። ብዙ ጎብኚዎች እዚህ ላይ ደራሲው ዋሽቷል ለማለት ይቸኩላሉ። መጽሐፉ ግን ሐዲዱ ከጎጆው ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እንደሚርቅ ራሱ ይናገራል፤ ስለ እንግዶቹና ወደ መንደር ስለሚያደርገው ምልልስም ምዕራፎች አሉት፤ ሁለቱን ዓመት ወደ አንድ ዓመት ማጠፉንም አልደበቀም። ጫካውን ሰው አልባ ያደረገው የእኛ አነባበብ ነው። አስቀድሞ የተጻፈው አንድ ገጽ ከሌለ ይህን ማየት ያስቸግራል።

ማስታወሻውን በተመለከተ ሁለት ደብተር እንዲይዙ እመክራለሁ፤ በአንደኛው ቀኑን፣ ርቀቱን፣ አየሩንና የተነገረዎትን ብቻ ያለ አስተያየት ይመዝግቡ፤ በሁለተኛው የተሰማዎትን እንደፈለጉ ይጻፉ። ይህን ሐሳብ ያገኘሁት ከጃፓናዊው ባለቅኔ ከባሾ ነው። ባሾ በ1689 ከባልንጀራው ከሶራ ጋር ወደ ሰሜን ጃፓን ተነሥቶ 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ፤ ከዓላማዎቹ አንዱ ቀደምት ገጣሚዎች በቅኔያቸው ያነሷቸውን ስፍራዎች በዐይኑ ማየት ነበር። ስለዚህ እርሱም በእኛው መንገድ የሄደ የሥነ ጽሑፍ ተጓዥ ነው። የጉዞው መጽሐፍ የታተመው ከሞተ ከዓመታት በኋላ በ1702 ነው። የሶራ የቀን ማስታወሻ ደግሞ በ1943 ታትሞ ወጣና ሁለቱን ማነጻጸር ተቻለ፤ ባሾ አንዳንድ ቀኖችን እንዳዛወረ፣ በኢቺቡሪ ማደሪያ ከሁለት ሴተኛ አዳሪዎች ጋር መገናኘቱን የሚተርከው ዝነኛ ክፍልም በሶራ ማስታወሻ ውስጥ ጨርሶ እንደሌለ ታወቀ። ሶራ ያየውን መዘገበ፤ ባሾ ደግሞ ጉዞውን እንደ ግጥም አዋቀረው። ሁለት ደብተር ይዞ የተመለሰ መምህር ከጥሬ ዘገባ ወደ ድርሰት የሚደረገውን ሽግግር በራሱ ገጾች ማስተማር ይችላል፤ ተማሪዎችም መምህራቸው በሁለተኛው ደብተር ላይ ምን ያህል እንዳሳመረ ሲያዩ በጣም ይደሰታሉ።

ጥያቄ፦ ርእሰ መምህር ነኝ። መምህራን ለጉዞ ፈቃድና ድጋፍ ሲጠይቁኝ ጥቅሙን በምን ልለካው እንደምችል አላውቅም። ረጅም ሪፖርት ብጠይቅ ይሻላል?

መልስ፦ ረጅም ሪፖርት ቢጠይቁ ረጅም ሪፖርት ያገኛሉ፤ ክፍሉ ግን እንደነበረ ሊቀር ይችላል። ከጉዞው በፊት መምህሩ ሊለውጠው የሚያስበውን አንድ ትምህርት አሁን በሚያስተምርበት ዓይነት ጽፎ እንዲያስቀምጥ፣ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ያንኑ ትምህርት እንደገና እንዲያዘጋጅና ባልደረቦቹ ባሉበት እንዲያስተምር ይጠይቁት። ሁለቱ ዝግጅቶች አንድ ዓይነት ከሆኑ መልሱን አግኝተዋል። ወጪውን በተመለከተ፣ በ1946 እንደተመሠረተው የአሜሪካ የፉልብራይት መርሐ ግብር ያሉ፣ ከብዙ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች፣ ምሁራንና መምህራን ዕድል የሚሰጡ ተቋማት ስላሉ መምህራንዎ ማመልከቻ እንዲያዘጋጁ ጊዜ መስጠት ራሱ አንድ ድጋፍ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ትምህርቱ ብዙ ጽፈዋል። በራስዎ በመምህሩ ላይስ ጉዞ ምን ለወጠ?

መልስ፦ ቋንቋውን በቅጡ በማላውቅበት አገር ቴአትር ቤት ገብቼ አንድ ሙሉ ተውኔት ተመልክቻለሁ። ሰው ሲስቅ ዘግይቼ ሳቅሁ፤ የገባኝ ለመምሰል ራሴን ነቀነቅሁ፤ ከተዋናዮቹ ፊት ትርጉም ለማግኘት ስጥር ንግግሩ ያልፈኝ ነበር፤ ሁለተኛው ገቢር ላይ ደግሞ ሐሳቤ ወደ ሌላ ነገር ሄደ። እነዚህን ምልክቶች ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ በኋለኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡት፣ ማንበብ የሚከብዳቸው ተማሪዎቼ የሚያሳዩዋቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ማንም ተማሪ አስቀድሞ ያላየውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አላዝም፤ ጽሑፉን ከአንድ ቀን በፊት እሰጣለሁ፤ ተውኔት ከሆነም ታሪኩን አስቀድሜ በአጭሩ እነግራቸዋለሁ። «መጨረሻውን ካወቁ ጉጉታቸው ይጠፋል» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ግን ያልገባው ተመልካች ምን እንደሚጓጓ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ፤ ደመወዜም ለጉዞ አይበቃም። ያነበብኩትን እንጂ ያየሁትን ማስተማር የማልችል መምህር ነኝ። ከተጓዙት ባልደረቦቼ አንሣለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አያንሱም። ጀርመናዊው ደራሲ ፍሪድሪክ ሺለር «ዊልሄልም ቴል» የተሰኘውን፣ በስዊዘርላንድ ተራሮችና ሐይቆች መካከል የሚካሄደውን ተውኔቱን በ1804 ለመድረክ ሲያበቃ ስዊዘርላንድን በዐይኑ አይቶ አያውቅም ነበር። ካርታ ሰበሰበ፣ የአገሪቱን የታሪክ መዛግብት አነበበ፣ ወደዚያ ደጋግሞ የተጓዘውን ወዳጁን ባለቅኔውን ጎይተን ጠየቀ፤ ተውኔቱንም ስዊሶች ራሳቸው እንደ ብሔራዊ ድርሰታቸው ተቀበሉት። ደራሲ ሳይሄድ ይህን ያህል ከሠራ መምህርም ይችላል። የሺለር ዘዴ ደግሞ ለክፍል የተመቸ ነው።

የሚከተለውን ይሞክሩት። ከሚያስተምሩት ልብ ወለድ አንድ ምዕራፍ ይምረጡ፤ ተማሪዎች በአራት በአራት ሆነው በምዕራፉ ውስጥ ያለውን መቼት በካርታ እንዲነድፉ ያድርጉ፤ እያንዳንዱ መንገድ፣ በርና መስኮት በጽሑፉ ውስጥ በየትኛው ገጽ እንደተጠቀሰ አጠገቡ ይጻፍበት። ጽሑፉ ያልተናገረው ቦታ ባዶ ይቀመጥ፤ በግምት አይሞላ። ካርታዎቹ ጎን ለጎን ሲለጠፉ በመጀመሪያ የሚያከራክረው የተሳሉት ነገሮች ልዩነት ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ሁሉም ቡድኖች ባዶ የተዉት ስፍራ አንድ መሆኑን የሚያስተውል ተማሪ ይነሣል፣ ደራሲው ለምን ዝም አለ ብሎም ይጠይቃል። ከተጓዙት ባልደረቦችዎ አንዱን በዚህ ሰዓት ወደ ክፍልዎ ይጥሩና ተማሪዎቹ ይጠይቁት፤ ስፍራውን ያየ ሰው ደራሲው የዘለለውን ነገር ሊነግራቸው ይችላል፣ ለምን እንደተዘለለ ግን ተማሪዎቹ ከጽሑፉ መልሰው ሊነግሩት ይችላሉ።